ፖምፓው አላርፍ አለ፣ ከሞተሩ ስር ውሃ እየገባ ነው! (ለንደን፣ ኬንሳል ግሪን)

ሰማያዊ_በር፦
ወገኖች ቶሎ መልሱልኝ። ከ3 ሰዓት ጀምሮ የሞተር ክፍሉ ፖምፓ በየ10 ደቂቃው እየተነሳ 5 ሰከንድ ያህል ውሃ ወደ ካናሉ ይተፋና ይቆማል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይነሳል። ናሮውቦቷ (ጠባቧ የካናል ጀልባ) 57 ጫማ ናት፣ ክሩዘር ስተርን፣ ማለትም ሞተሩ ከኋላው ክፍት ወለል ስር ያለ፣ ሞተሩ ቤታ 38። ፓዲንግተን አርም በሚባለው ካናል ላይ ኬንሳል ግሪን አጠገብ አስሬያታለሁ። የወለሉ ላሜራ ተበስቶ መሰለኝ፤ ስገዛት የመረመራት ሰው አንድ ቦታ ሳስቷል ብሎ ጽፎ ነበር። ማታ የሚመጣ በያጅ የምታውቁ አላችሁ? ወይስ አሁኑኑ ነድቼ ወደ ጥገና ልውሰዳት?

ፒንሳ፦
3 ሰዓት በአበሻ ነው በፈረንጅ? ቀልዴን አይደለም። በፈረንጅ ከሆነ ፖምፓው ከጀመረ 2 ሰዓቱ ነው፣ በአበሻ ከሆነ 8 ሰዓት ሞልቶታል።

ሰማያዊ_በር፦
በአበሻ። ጠዋት ነው የጀመረው።

ሻንጣ፦
ግራሶ አዙሪበት። ስተርን ግላንዱ ነው፣ የፕሮፔለሩ ዘንግ ማሸጊያ።

ባለ_ሬንጅ፦
ላሜራ ባንድ ጀምበር አይበሳም እህቴ። የናሮውቦት ላሜራ ብዙ ጊዜ 10/6/4 ነው የሚባለው፤ ወለሉ 10 ሚሊሜትር፣ ጎኑ 6፣ ካቢኑ 4። ዝገቱ የሚበረታው ደግሞ ወለሉ ላይ ሳይሆን ውሃና አየር በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው። መርማሪው በአልትራሳውንድ ለክቶ 4 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች ካገኘ ኢንሹራንሶች ተጨማሪ ላሜራ ይበየድበት ይላሉ፤ «ሳስቷል» ማለት ግን «ተበስቷል» ማለት አይደለም። ለመሆኑ ሬንጅ የተቀባችው መቼ ነው? በየ2 ወይም 3 ዓመቱ ከውሃ ወጥታ፣ በከፍተኛ ግፊት ታጥባ፣ ደርቃ፣ ቢያንስ ሁለት እጅ መቀባት አለባት። አኖዶቹስ፣ በላሜራው ፋንታ የሚበሉት ብረቶች? ግማሽ በግማሽ ካለቁ መቀየር ነው። ከዳር መብራት የምትወስጂ ከሆነ ጋልቫኒክ አይሶሌተር (በመሬት ሽቦው የሚያልፈውን ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚያግድ) ከሌለሽ የጎረቤት ጀልባ ላሜራሽን ይበላዋል፣ ይኼን ብዙ ሰው አያስተውልም...

ጣና_ዳር፦
ሰውዬ፣ ውሃ እየገባባት ስለ ቀለም ታወራታለህ? የደንገል ታንኳ ቢሆን እሺ፣ እሱ ውሃ ይጠጣል፣ ዳር አውጥተው ያደርቁታል ያበቃል። ይኼ ብረት ነው፣ 15 ቶን ምናምን፣ ማን ተሸክሞ ያደርቅላታል?

ጋሽ_ናፍጣ፦
ልጄ፣ አትንጃት። ፖምፓው እየሠራ በ5 ሰከንድ እስካቆመ ድረስ ጊዜ አለሽ። ነድተሽ ብትሄጂ ፕሮፔለሩ ውሃውን ወደ ውስጥ ሊገፋው ይችላል፣ ኋላዋም ይጎነበሳል። ኋላዋ ሲጎነበስ ሌላ ጊዜ ከውሃ በላይ የሚውሉት ቀዳዳዎች፣ የማፍሰሻ ቱቦውም የወለል ማስተንፈሻውም፣ ከውሃ በታች ይወርዳሉ። ብዙ ጀልባ የሚሰምጠው በእነዚያ በኩል ነው።

አሁን ባትሪ ይዘሽ የሞተሩን ክዳን ክፈችና ንገሪኝ። ውሃው ጥርት ያለ ነው ወይስ ቀለም ወይም ዘይት አለበት? ቀለም ካለው ከሞተሩ ማቀዝቀዣ የሚፈስ ነው፤ መርዝ ስለሆነ ቀምሰሽ ለማወቅ እንዳትሞክሪ። የመጠጥ ውሃ ፖምፓሽን ከማብሪያው አጥፊና 20 ደቂቃ ጠብቂ፣ የቦይለሩ ቱቦ ቢሆንስ። ከዚያ የፕሮፔለሩ ዘንግ ከጀልባዋ የሚወጣበትን የነሐስ ማሸጊያ እዪ፣ ይንጠባጠባል? ዘይት ካለበት ግን ፖምፓውን አጥፊው፣ ዘይት ወደ ካናል መተፋት በሕግ ያስጠይቃል። ዘይት የሚመጥ ጨርቅ ከሌለሽ የሕፃን ዳይፐር ይሠራል።

ሻንጣ፦
ጋሼ፣ ከዚያ እስከ ቡልስ ብሪጅ ድረስ አንድ ሎክ (የካናል የውሃ በር) የለም። ቀስ ብላ ብትነዳ ምን ችግር አለው? ግራሶውን አዙራ ትሂድ።

ጋሽ_ናፍጣ፦
ሎክ አለመኖሩ ውሃ እንዳይገባ አያደርግም። የት እንደሚፈስ ሳታውቅ ከገመድ አትፈታም፣ አለቀ።

ፒንሳ፦
ሒሳቡን ልሥራላችሁ። በየ10 ደቂቃው 5 ሰከንድ ማለት በ8 ሰዓት 48 ጊዜ፣ ሲደመር 4 ደቂቃ ነው። ፖምፓው 4 አምፒር ቢጎትት ግማሽ አምፒር-ሰዓት እንኳ አልበላም፤ ባትሪሽ ደህና ነው። የምትደነግጪው ፖምፓው ሳያቆም መሥራት የጀመረ ቀን ነው።

አሁን የሚቀጥለውን እንዳትንቂው። ከፖምፓው ወደ ውጭ የሚወጣው ቱቦ 19 ሚሊሜትር ወርድና 2 ሜትር ተኩል ርዝመት ካለው ውስጡ 0.7 ሊትር ውሃ ይይዛል። ፖምፓው ሲቆም ያ ሁሉ ተመልሶ ፖምፓው ወደተቀመጠበት ጉድጓድ ይወርዳል፣ ተንሳፋፊ ማብሪያውን ወደ መነሻው ያስጠጋዋል። ያኔ ጥቂት ጠብታ ሲጨመርበት ፖምፓው ይነሳል። ማለትም ያንኑ ውሃ ሲያመላልስ ውሎ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳ ከውጭ ባልዲ ደቅኚና የሚወጣውን ለኪ።

ሰማያዊ_በር፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሁላችሁም። ባልዲው ውስጥ የገባው ከሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ አይሞላም፣ የትንሿ። ውሃው ጥርት ያለ ነው። የመጠጥ ፖምፓውን አጥፍቼዋለሁ፣ ለውጥ የለም። ከዘንጉ ላይ ካለው የነሐስ ነገር ይንጠባጠባል፤ ቆጥሬ በደቂቃ ወደ 50 ነው። ታዲያ ይኼ ብዙ አይደለም?

ሻንጣ፦
አላልኩም? ግራሶ!

ፒንሳ፦
20 ጠብታ 1 ሚሊሊትር ነው በይ። 50 ጠብታ በደቂቃ 2.5 ሚሊሊትር፣ በ24 ሰዓት 3.6 ሊትር። መስተካከል ያለበት ነው፣ የሚያሰምጥ ግን አይደለም። ሞተር ጠፍቶ ጠብታ ባይኖር ይሻላል፤ ዘንጉ ሲዞር በደቂቃ አንድ ሁለት ጠብታ ጤነኛ ነው።

ዳዶ_17፦
ሻንጣ ልክ ነው፣ አነጋገሩ ቢያናድድም። በዝርዝር ልጻፈው።

ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ወጥቶ ኪስሽ ይግባ። ከማሸጊያው በቀጭን ቱቦ የተያያዘ፣ ላዩ ላይ መዞሪያ ያለው የነሐስ ሲሊንደር ታያለሽ፤ ግራሶ መግፊያው እሱ ነው። ወደ ቀኝ እስኪከብድሽ ድረስ አዙሪው። ሳይከብድ ዝም ብሎ ከዞረ ባዶ ነው፤ ክዳኑን ፈትተሽ፣ መግፊያውን ወደ ኋላ መልሰሽ፣ አየር እንዳይቀርበት ጠቅጥቀሽ ሙዪው። የስተርን ቲዩብ ግራሶ ግዢ፣ ውሃ የማያጥበውን። የመኪና ኩሽኔታ ግራሶ ለዛሬ ማታ ካልሆነ አይበጅም።

ከዚህ በኋላም ከቀጠለ ወደ ዳዶዎቹ ትሄጂያለሽ። ማሸጊያውን የሚጫነው ፍላንጅ ግራና ቀኝ ሁለት ቡሎን አለው፣ በእያንዳንዱ ላይ ዳዶና መቆለፊያ ዳዶ። መቆለፊያውን አላሊና ዋናውን የዳዶውን አንድ ጎን ብቻ፣ የዙር ስድስተኛ ማለት ነው፣ አጥብቂ። ከዚያ ሌላውን እኩል። አንዱን ብቻ ካጠበቅሽ ፍላንጁ ያጋድልና ዘንጉን ይፍቀዋል። አጥብቀሽ ጠብታውን ቁጠሪ፣ 5 ደቂቃ ጠብቂ፣ ካስፈለገ ድገሚ። ካምቢዮው ባዶ ማርሽ ላይ ሆኖ ዘንጉ በእጅ መዞር አለበት፤ አልዞር ካለ አብዝተሻል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጠብታውን ጨርሶ ላጥፋ ብሎ ያጠብቃል፣ ማሸጊያው ይደርቃል፣ ይግላል፣ ዘንጉ ላይ ቦይ ይቆፍራል። ከዚያ በኋላ የትኛውም ማሸጊያ ውሃ አይይዝም፣ ዘንግ መቀየር ይመጣል። ነገ 10 ደቂቃ ማርሽ ውስጥ አስገብተሽ ካሠራሽ በኋላ ሞተሩን አጥፊና የነሐሱን አካል በእጅሽ ንኪ። ለብ ያለ ከሆነ ጥሩ ነው፣ እጅሽን ማቆየት ካቃተሽ አላላሽ ማለት ነው ያለብሽ።

ጣና_ዳር፦
«አላላሽ ማለት ነው ያለብሽ»፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ራሱን አላላው።

ዳዶ_17፦
ማላላት አለብሽ። ተደሰትክ?

የጓሮ_ወፍ፦
ይቅርታ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ማሸጊያው ቀስ እያለ የሚያረጅ ነገር ነው። ትናንት ደህና የነበረ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ድንገት 50 ጠብታ ለምን ጀመረ? እህት፣ ጠዋት ምን ነካሽ?

ሰማያዊ_በር፦
ምንም። ሊትል ቬኒስ ደርሼ ስመለስ ፕሮፔለሩ ላይ ጨርቅ ተጠምጥሞ ሞተሩ ከበደ፤ ዊድ ሃቹን ከፍቼ በቢላ ቆርጬ አወጣሁትና ክዳኑን መልሼ 20 ደቂቃ ነዳሁ። እሱ ግን ተስተካክሏል።

የጓሮ_ወፍ፦
እንዲህ ያለውን መጀመሪያ ይናገሩታል እንጂ!

ጋሽ_ናፍጣ፦
ይኸው። ልጄ፣ «ምንም» ያልሽው ዋናው ነው። ዊድ ሃች ማለት በቀጥታ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለ ክፍት ሳጥን ነው። አፉ ከውሃው መስመር በላይ ስለሆነ ቆማ ሳለች ክዳኑ ቢላላም ውሃ አይገባም። ማርሽ ውስጥ ስትገባ ግን ፕሮፔለሩ ውሃውን ወደ ላይ ይወረውረዋል፣ ክዳኑ በደንብ ካልጠበቀ በባልዲ ነው የሚገባው። በ20 ደቂቃ ጉዞ የገባው ከሞተሩ እግር ስር ተኝቶ ቀስ እያለ ወደ ፖምፓው ጉድጓድ እየወረደ ይሆናል። ፒንሳ ካለው ጋር ተደምሮ ፖምፓው ሲያመላልስ ይውላል።

ክዳኑን አውጥተሽ እዪው፣ ቁልፉ ኪስሽ ውስጥ እያለ። ዙሪያውን ያለው ጎማ ተቆርጧል? ሳር ወይም የጨርቅ ክር ከስሩ ገብቷል? ከክዳኑ ስር የተንጠለጠለው ላሜራ በትክክለኛው አቅጣጫ ተመልሷል? ከሳጥኑ ግድግዳ ጋር ከተጋጨ ክዳኑ የተቀመጠ ይመስላል እንጂ አይገጥምም። የክዳኑን ማጥበቂያ ሙሉ በሙሉ አጥብቂ።

ዳዶ_17፦
ጨርቁም ስተርን ግላንዱን ሊነካው ይችላል እኮ። ፕሮፔለሩ ሲታነቅ ዘንጉ ይንገጫገጫል፣ ያረጀ ማሸጊያ ቦታውን ይለቃል። ስለዚህ ሁለቱም ነው፣ ጋሼ።

ጋሽ_ናፍጣ፦
ሁለቱም ይሁን፣ አልተጣላንም። ሁለቱን የምትለይበትን ልንገራት። የጉድጓዱንና የሞተሩን ስር ውሃ በስፖንጅ እስከ መጨረሻው አድርቂ። ከግላንዱ ስር አንድ የወጥ ቤት ወረቀት፣ ከዊድ ሃቹ ዙሪያ ሌላ አንጥፊ። ሌሊቱን የግላንዱ ብቻ ከረጠበ ግላንዱ ነው። ነገ ጀልባዋ ፊትና ኋላ በደንብ ታስራ ሞተሩን አስነስተሽ በዝቅተኛ ፍጥነት ወደ ፊት ማርሽ አስገቢ፣ 3 ደቂቃ፤ የዊድ ሃቹ ወረቀት ያኔ ከረጠበ ክዳኑ ነው። ስታዪ ነጠላሽንና ጸጉርሽን ሰብስቢ፣ የሚዞር ዘንግ ምሕረት የለውም።

የውሃው ከፍታ የሞተሩ ፍላይዊል (የሚሽከረከረው ከባድ መዘውር) ድረስ ከመጣ ደግሞ ሞተሩን አታስነሺ፤ ውሃውን አልተርኔተሩ ላይ ይረጨዋል።

የኬንሳል_ዶሮ፦
ዝናቡንስ ማን አሰበ? ዛሬ ቀኑን ሙሉ ለንደን ላይ ሲያወርደው ነው የዋለው። ክሩዘር ስተርን ከሆነች ከኋላው ወለል ጣውላዎች ስር ያለው የውሃ መውረጃ ቦይ በቅጠል ተደፍኖ ሞልቶ ወደ ሞተሩ ይፈስሳል። ቀዳዳዎቹን በሽቦ ጠርጊ። ግላንድ ምናምን ከማለት በፊት።

የጓሮ_ወፍ፦
50 ጠብታ ከነሐሱ ላይ በዓይኗ አይታ ቆጥራለች፣ ዝናብ አይደለም።

የኬንሳል_ዶሮ፦
ዝናብ ብቻ ነው አላልኩም። ቦዩን ጥረጊ ነው ያልኩት፣ ወጪው አንድ ሽቦ።

ሰማያዊ_በር፦
ክዳኑን አወጣሁ። ጋሼ፣ ጎማው አንድ ጥግ ላይ ታጥፏል፣ ክርም ተቀርቅሮበታል። አጽድቼ መለስኩት። ግራሶ መግፊያው ግን ዝም ብሎ ነበር የሚዞረው፣ ባዶ ነበር። ሞልቼ ስገፋው ከከበደ በኋላ ጠብታው ከ50 ወደ 6 ወርዷል። ዳዶዎቹን አልነካሁም፣ ያለኝ ቁልፍ 13 ነው፣ አይገባም።

ሌላ ጥያቄ ደግሞ፣ ነገ እዚህ 14 ቀኔ ይሞላል። ልንቀሳቀስ ነው ወይስ ምን?

ባለ_ሬንጅ፦
ሕጉ 14 ቀን ነው፣ የ1995ቱ የብሪቲሽ ዋተርዌይስ አዋጅ። ቋሚ ማሰሪያ የሌለው ሰው መንቀሳቀስ አለበት።

ፒንሳ፦
አዋጁ ራሱ «በሁኔታው ተገቢ እስከሆነ ከዚያ በላይ» ይላል። ሞተር ክፍልሽ ውሃ ይዞ መንዳት የለብሽም። ቀኑ ከማለፉ በፊት ካናሉን ለሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት ጻፊላቸው፦ የጀልባዋን ቁጥር፣ የት እንዳለች፣ ምን እንደተበላሸ፣ መቼ እንደሚጠገን። የጠብታውን ፎቶ አያይዢ። ካለፈ በኋላ ከመጻፍ አስቀድሞ መጻፍ ይሻላል። የሪቨር ካናል ሬስኪው (ለተበላሸ ጀልባ የሚደርስ ድርጅት) አባል ከሆንሽም ደውይላቸው፣ ያን የመሰለ ጥሪ ይወስዳሉ።

ሻንጣ፦
6 ከሆነ ትንሽ ግራሶ ጨምሪበት።

ዳዶ_17፦
በቃ አንተ ሰው! ቱቦው ሞልቶ ከከበደ በኋላ መግፋት ወደ ካናሉ ግራሶ መጣል ብቻ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከየቀኑ ጉዞ በኋላ አንድ ዙር ወይም እስኪከብድ፣ ይበቃል።

እህቴ፣ ፍላንጁ ከማሸጊያው አካል ጋር ሊነካካ ከቀረበ የሚጠበቅ ነገር አልቀረም፣ ማሸጊያው ይቀየራል። መጠኑን በግምት አትግዢ። ማሸጊያው የሚገባበትን የነሐስ ቤት የውስጥ ወርድ ለኪ፣ የዘንጉን ወርድ ቀንሺ፣ ለሁለት ክፈይ። ቤቱ 54፣ ዘንጉ 38 ቢሆን 8 ሚሊሜትር ነው። የማሸጊያውን ገመድ ዘንጉን በሚያክል ቱቦ ላይ ጠምጥመሽ ቀለበት ቀለበት አድርገሽ በ45 ዲግሪ ቁረጪ፣ የአንዱ መገጣጠሚያ ከሌላው ጋር እንዳይገጥም እያዞርሽ አስገቢ። ሦስት ወይም አራት ቀለበት ይወስዳል። ውሃ ላይ እያለችም ይሠራል፤ የቀድሞው ሲወጣ ውሃ ስለሚገባ ግን በዊድ ሃቹ በኩል ዘንጉ ላይ ከውጭ ግራሶ የተቀባ ጨርቅ አጥብቀሽ ጠምጥሚ። ሲያልቅ ጨርቁን ማውጣት እንዳትረሺ፣ ደግሞ ሌላ ጨርቅ ሆኖ ፕሮፔለሩን ያንቀዋል።

የጓሮ_ወፍ፦
ለቱቦው ደግሞ የማይመልስ ቫልቭ ግዢ የሚልሽ ይመጣል። ትንንሽ ፖምፓዎች በዚያ ቫልቭ አየር ይይዛቸውና ይሽከረከራሉ እንጂ አይተፉም፣ በቆሻሻም ይደፈናል። ቱቦውን ማሳጠር ይሻላል፣ መውጫው ግን ከውሃው መስመር በደንብ ከፍ ብሎ ይቆይ፤ ካልሆነ ካናሉ ራሱ ተመልሶ ይገባል።

ጋሽ_ናፍጣ፦
ልጄ፣ ወረቀቶቹ እንዴት አደሩ? ማርሽ ውስጥ ስታስገቢያትስ የዊድ ሃቹ ወረቀት ረጠበ?

ሻንጣ፦
ጠፋች። ወይ ደርቃለች ወይ ሰምጣለች።

ጣና_ዳር፦
አፍህ ይዘጋ! ስልኳ ባትሪ አልቆ ይሆናል።

አዲስ_ሎክ፦
ሰላም፣ እኔም ቤታ አለኝ፣ 43ቱ። ግራሶ መግፊያው ላይ ያለው ቀጭኑ የመዳብ ቱቦ ተሰንጥቋል፣ በፕላስቲክ ቱቦ መቀየር ይቻላል? 8 ሚሊሜትር ነው።