የሚከራዩ ቢሮዎቻችን ጎግል ላይ ለምን አይታዩም?

ሰላም ለሁላችሁ። የሚከራይ ቢሮ፣ ሱቅና መጋዘን የምናስተዋውቅበት ድረ ገጽ አለን። የድርጅቱ ስም ሲፈለግ ወዲያው ይወጣል። «የሚከራይ መጋዘን» ተብሎ ከአካባቢው ስም ጋር ሲፈለግ ግን የለንም። ሰርች ኮንሶል (ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች የሚሰጠው መከታተያ) ላይ ሳየው፣ ጎግል ገጾቹን ጎብኝቷቸዋል፤ አብዛኞቹን ግን የፍለጋ ማውጫው ውስጥ አልመዘገባቸውም። ሳይትማፕ (የገጾቻችንን ዝርዝር ለጎግል የሚያሳውቅ ፋይል) አስገብቻለሁ። ኖኢንዴክስም («ይህን ገጽ አትመዝግብ» የሚል ትእዛዝ) የለም፣ አጣርቻለሁ።

የምጠረጥረው ጽሑፉን ነው። አጭሯን መግለጫ ቃል በቃል ሌሎች የኪራይ ድረ ገጾች ላይም እንለጥፋታለን። ተከራይ የሚፈልገው ዋናው መረጃ፣ ማለትም የወለል ስፋት፣ የጣሪያ ከፍታ፣ የጭነት መኪና መግቢያ፣ ፒዲኤፍ ውስጥ ተቀብሯል። ፎቶዎቹ ያምራሉ፣ እሱስ አይካድም።

አለቃዬ «በቃ፣ ማስታወቂያ በክፍያ እናስነግር» እያለ ነው። እኔ መጀመሪያ ገጾቹ ይስተካከሉ ባይ ነኝ። መረጃውን ከፒዲኤፍ ወደ ገጹ ባወጣው ለውጥ ያመጣል? የተከራየ ቦታ ገጽስ ይሰረዝ ወይስ «ተከራይቷል» ተብሎ ይቆይ? የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።