የአባቴን ሸክላዎች መኪና ውስጥ እንዴት ልስማቸው?

የቀበና ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ብዙ የሙዚቃ ሸክላ ትቶልኛል። አብዛኛው ትንሹ፣ በደቂቃ 45 ዙር የሚዞረው ባለ 45 ነው፣ አምሃ ሬከርድስና ካይፋ የሚል የአሳታሚ ስም የተለጠፈበት፤ ጥቂት ትልልቅም አለበት። ቤት ውስጥ ተረጋግቼ የምሰማበት ጊዜ የለኝም። ሙዚቃ የምሰማው ጠዋትና ማታ መንገዱ ተዘጋግቶ ቪትዜ ውስጥ ስቀመጥ ነው። ቴፑ የዩኤስቢና የኦክስ መሰኪያ አለው። የሸክላ ማጫወቻውን በኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት በሚቀይረው) ከመኪናው ባትሪ አስነስቼ በኦክስ ባገናኘው ይሠራል? እባካችሁ ዩቲዩብ ላይ አለልሽ አትበሉኝ፣ የምፈልገው የእነዚህን ሸክላዎች ድምፅ ነው።

ባለመርፌው
እህቴ፣ ተይው። መኪናው ሲነቃነቅ መርፌው ይዘላል፣ ሲዘል ሸክላውን ይጭራል፣ የተጫረ ሸክላ ደግሞ አይመለስም። ቆመሽ ብታጫውቺው እንኳ ሞተሩ ከተነሳ ንዝረቱ በመርፌው በኩል ይገባና ባሱን ያበላሸዋል። ከዚህ ሌላ፣ ከመርፌው የሚወጣው ድምፅ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ በቀጥታ ኦክስ ላይ ብትሰኪው እንደ ሹክሹክታ ነው የሚሰማሽ። ሸክላ ሲቀረጽ ባሱ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይጨመራል፤ ይህን መልሶ የሚያስተካክለውና ድምፁን የሚያጎላው ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባለው ዕቃ ነው። አንዳንድ ማጫወቻ ውስጡ አለው፣ ከጀርባው ፎኖና ላይን የሚል ማብሪያ ካለ አለው ማለት ነው።

ቤት ውስጥ ወደ ኮምፒውተር ገልብጪውና በፍላሽ ስሚው። ከሁሉ በፊት ግን መርፌውን ቀይሪ። ስንት ዓመት የተቀመጠ መርፌ አምነሽ የአባትሽን ሸክላ አትስጪው። ኦዳሲቲ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ይበቃሻል። ስትቀጂ ከፍተኛው ድምፅ -6 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን፣ ከጣሪያው፣ ከዜሮ ካለፈ የተቆረጠው ድምፅ አይመለስም። ዘፈኑ የሚፈጀውን ያህል ጊዜ ይፈጃል፣ ማፍጠኛ የለውም።

ሲልቨር ስፕሪንግ
መኪና ውስጥ ሸክላ ማጫወት ድሮ ተሞክሯል። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1956 ሀይዌይ ሃይ-ፋይ የሚባል ማጫወቻ መኪናው ላይ ገጥሞ ሸጧል። ግን በደቂቃ 16 ዙር ከሁለት ሦስተኛ ለሚዞር ልዩ ሸክላ ብቻ ስለነበር ሰው ቤቱ ያለውን ማጫወት አልቻለም፣ ብዙም ሳይቆይ ቀረ። በኋላ ፊሊፕስ ባለ 45ቱን በቀዳዳ የሚቀበል አወጣ። መርፌው እንዳይዘል በኃይል ስለሚጫን ሸክላውን ይበላዋል። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ ብታገኚው እንኳ አባትሽ የተዉልሽን እንዳታስገቢበት።

መገልበጡን እኔም እደግፋለሁ። ኢትዮጲክስ የሚባለው የድሮ የኢትዮጵያ ዘፈኖች ተከታታይ በሲዲ ያወጣው ብዙ ቢሆንም ያልገባ ባለ 45 ሞልቷል፣ የማንም እጅ ላይ የሌለ ቅጂ አንቺ ዘንድ ሊኖር ይችላል።

የቀበና ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ኢንቨርተሩን ትቼዋለሁ። ጭርጭርታውን በኮምፒውተር ላጥፋው ወይስ ልተወው?

ባለመርፌው
መጀመሪያ አጽጂ። የተጣራ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ይዘሽ ዙሩን ተከትለሽ ጥረጊ፣ መሃል ያለው ወረቀት እንዳይርስ። ከትንንሾቹ ጋር የቆየ ባለ 78 ከተገኘ አልኮል አታስነኪው፣ ይሟሟል። ከጽዳት በኋላ የሚቀረውን ትልልቁን ቋ የሚለውን ብቻ አንድ በአንድ አንሺ። ሁሉንም በአንዴ ካጠፋሽ ሳክስፎኑና ሲምባሉ አብሮ ይደነዝዛል፣ የዚያን ዘመን ባንዶች ደግሞ ለነፋስ መሣሪያው ነው የምንወዳቸው። በሞኖ የተቀረጸ ከሆነ ግራና ቀኙን አንድ ላይ አዋህጂው፣ ከጭርጭርታው ብዙው በዚያው ይቀንሳል።

ጀሞ 2
ከመኪናው በኩል ልጨምር። ዋናውን ቅጂ ጥራቱን በማይቀንሰው በዌቭ ወይም በፍላክ ፋይል ኮምፒውተር ላይ አስቀምጪ፣ ለመኪና ግን በኤምፒ3፣ በ320 ኪሎቢት ጥራት አድርጊው፣ ብዙ የቆየ ቴፕ ፍላክ አያነብም። ፍላሹንም በፋት32 ፎርማት አድርጊው፣ አለዚያ ቴፑ ባዶ ነው ይልሻል። በሬዲዮ ሞገድ የሚያስተላልፈውን ትንሽ ዕቃ አትግዢ፣ ከተማ ውስጥ ከጣቢያዎቹ ጋር እየተጋጨ ይንሿሿል። ቴፑ ላይ ላውድነስ የሚለውን ባስ ማጉያ አጥፊና ባሱን ዜሮ ላይ አድርገሽ ጀምሪ፣ ከዚያ በጆሮሽ ጨምሪ። ሸክላዎቹን ደግሞ ለማሳየት እንኳ ይዘሽ ስትወጪ መኪና ውስጥ ትተሽ አትውረጂ፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ይጣመማሉ።