ክሩሺኒያኒ የሚባለውን የፖላንድ መንደር ያያችሁ አላችሁ?

ሀያት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለትምህርት ቢያሊስቶክ ከመጣሁ ሁለት ወሬ ነው። አብራኝ የምትማር ልጅ በስልኳ ፎቶ አሳየችኝ። ከእንጨት የተሠራ፣ አረንጓዴ የተቀባ፣ ሁለት ማማ ያለው ቤት ነው። የገጠር ቤተ ክርስቲያን መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳየው ጫፉ ላይ ጨረቃ አለ። «መስጊድ ነው፣ የታታሮች መንደር ነው» አለችኝ። ሙስሊሞች እዚያ ገጠር ውስጥ እንዴት ደረሱ? አሁንስ ይሰገድበታል? የምታውቁ ንገሩኝ።

ዳኒ ከዋርሶ፦
ነገሩ የተጀመረው ከደሞዝ ነው። ታታሮች ከምሥራቅ የመጡ፣ ሙስሊም የሆኑ ሕዝቦች ናቸው። ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ፣ በኋላ ከፖላንድ ጋር አንድ ለሆነችው ለሊቱዌኒያ መሳፍንት የሚዋጉ ፈረሰኞች ነበሩ። በ1672 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ደሞዛቸው ስለቀረና መብታቸው ስለተነካ ከፊሎቹ ሸፍተው ወደ ኦቶማን ቱርክ ገቡ። በኋላ ሲመለሱ የፖላንዱ ንጉሥ የያን ሶቢየስኪ ካዝና ባዶ ነበር። ስለዚህ በ1679 በውዝፍ ደሞዝ ፈንታ መሬት ሰጣቸው። ክሩሺኒያኒ ለኮሎኔል ሳሙኤል ሙርዛ ክሼቾቭስኪና ለሰዎቹ ደረሰች። በ1683 ኦቶማን ቱርክ ቪየናን ሲከብብ ታታሮች ከሶቢየስኪ ጎን ተሰለፉ። በጠላት በኩልም ታታሮች ስለነበሩ፣ ለመለየት ቆባቸው ላይ ገለባ ሰክተው ተዋጉ ይባላል።

ወሎዬው፦
ሀያት እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ቢያሊስቶክ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፣ እዚያ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። ወደ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በክሪንኪ ወረዳ። መንደሩ ትንሽ ነው፣ ትንሽ አለፍ ካልሽ ቤላሩስ ነው። መኪና ያለው ሰው ፈልጊ፣ በአውቶቡስ ትቸገሪያለሽ።

የአሁኑ ሕንፃ በ18ኛው መቶ መጨረሻ ወይም በ19ኛው መጀመሪያ የተሠራ ነው። የሠሩት የአካባቢው አናጺዎች ስለሆኑ ነው ቤተ ክርስቲያን የመሰለሽ። እጃቸው የለመደውን ሠሩ። ውስጡ ሁሉ እንጨት ነው። የሴቶቹ ክፍል ለብቻው ነው። በመሀል ባለው ግድግዳ ላይ ረዘም ያለ ክፍተት አለ፣ ስስ ዳንቴል ተጋርዶበታል። ሴቶቹ የኢማሙን ድምፅ የሚሰሙት በዚያ በኩል ነው። ግድግዳው ላይ ሙሂር የሚሉት፣ በክፈፍ የገባ የቁርኣን ጽሑፍ ተሰቅሏል።

እኔን ግን ሆዴን ያባባው ሌላ ነው። ታታሮቹ የጥንት ቋንቋቸውን ከረሱ ዘመናት አልፈዋል። ቤላሩስኛና ፖላንድኛ ተናጋሪ ሆኑ። ፊደሉን ግን አልለቀቁም። ኪታብ በሚሏቸው የእጅ ጽሑፎች ቤላሩስኛውንም ፖላንድኛውንም በዐረብ ፊደል ጻፉት! ይህን ስሰማ አያቴ ድቅን አሉብኝ። የሳቸው የመንዙማ ደብተር ፊደሉ ዐረብኛ ነው፣ ሲነበብ ግን ጥርት ያለ አማርኛ። አጀሚ እንለዋለን። እኛ ወሎ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር። እዚያ ጫካ ዳር ቆሜ የአያቴን ደብተር ያገኘሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

አሁን መንደሩ ውስጥ የቀሩት የታታር ቤተሰቦች ጥቂት ናቸው። ብዙዎቹ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜና ከዚያ በኋላ ወደ ከተማ ሄደዋል። የሚበዛው ነዋሪ ኦርቶዶክስ ነው፣ ገናን እንደ እኛ ሀገር ጃንዋሪ 7 ያከብራል። ለዒድ ግን ታታሮቹ ከያሉበት ይመጣሉ። ባይራም ነው የሚሉት።

ሰላም ከክራኮቭ፦
ሌላዋን የታታር መንደር ቦሆኒኪንም አትርሱ። ያቺም በዚያው በ1679 የተሰጠች ናት፣ የእንጨት መስጊድ አላት። ሁለቱም በፈረንጅ ከ2012 ጀምሮ በመንግሥት የታሪክ ሐውልትነት ተመዝግበዋል። በ2021 ስደተኞች በቤላሩስ በኩል ሲገቡ ድንበሩ ላይ ባለው ጫካና ወንዝ ውስጥ ሰው ሞተ። ቦሆኒኪዎች በመቃብራቸው ቦታ ሰጥተው ቀበሯቸው። የመጀመሪያው የ19 ዓመት ሶሪያዊ ነበር። ማንም ዘመድ አጠገቡ አልነበረም፣ የመንደሩ ሰዎች ናቸው የሰገዱበት። በዚያ ጫካ የእኛም ሀገር ልጅ ሞታለች። እዚያ ስትሄጂ ዱዓ አድርጊላቸው።

ሀያት፦
አላህ ይስጥልኝ፣ አነበብኩትና አለቀስኩ። የፊታችን ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር ልሄድ ነው። ምን ልያዝ? ደግሞ የሚበላ ነገር አለ?

ወሎዬው፦
ሻሽ ያዢ፣ ጫማ ማውለቁን ታውቂያለሽ። ስለ ምግቡ ፒየረካቼቭኒክ በዪ። እንደ ወረቀት የሳሳ ሊጥ በድርብርብ ይዘረጋና በሥጋ ወይም በአይብ ተሞልቶ ይጠቀለላል። ከዚያ እንደ ቀንድ አውጣ ተጠምዝዞ ይጋገራል። በፈረንጅ በ2009 በአውሮፓ ኅብረት በባህላዊ ምግብነት ተመዝግቧል። አንዱ ለሁለታችሁ ይበዛል፣ ቁራሽ ነው የሚሸጠው።

ከበላሽ በኋላ ወደ መቃብሩ ሂጂ። ሚዛር ይሉታል፣ ከመስጊዱ ጀርባ ዛፍ ውስጥ ነው። ጽሑፉ ዐረብኛ፣ ፖላንድኛ፣ ሩስኛ ነው። ስሙ የሙስሊም፣ የቤተሰቡ ስም በ«ስኪ» የሚያልቅ ታያለሽ። ከድንጋዮቹ የ1699 አለ፣ ዝናቡ አደብዝዞታል። እኔ በጣቴ እየተከተልኩ ነው ያነበብኩት። ማለዳ ብትደርሺ ይሻላል፣ ብርሃኑ በጎን ሲመታው ፊደሉ ይወጣል።