የብር ማንኪያና የሻይ ማንቆርቆሪያ ላይ ያሉ ማህተሞች፦ ንባቡ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ ማህተም_ፈላጊ

ሰላም ለሁላችሁ። በሦስት ዕቃዎች ላይ ያሉትን ማህተሞች በቃል ልግለጽ፣ እናንተ አንብቡልኝ።

አንደኛው አጭር እጀታ ያለው የሻይ ቅጠል መጨለፊያ ማንኪያ ነው። ከእጀታው ጀርባ አምስት ጥቃቅን ማህተሞች ተደርድረዋል፦ አንድ እግሩን አንስቶ ወደ ግራ የሚራመድ አንበሳ፣ መልሕቅ፣ በጎቲክ (በድሮው ማዕዘናም) አጻጻፍ የተቀረጸ ትንሹ የላቲን «ኬ»፣ ወደ ግራ የዞረ የሴት ራስ፣ በመጨረሻም «ጂ» እና «ዩ» የሚሉ ሁለት ፊደላት።

ሁለተኛው የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው። ሥሩ ላይ በየራሳቸው ጋሻ ውስጥ የገቡ አራት የጎቲክ ፊደላት አሉ፦ «ኢ»፣ «ፒ»፣ «ኤን»፣ «ኤስ»። ከጎናቸው ባንዲራ ውስጥ «ደብሊው ኤንድ ኤች»፣ ዝቅ ብሎ ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር። «ኤስ» የዓመት ፊደል ይሆን? ባንዲራውስ የከተማ ምልክት ነው?

ሦስተኛው 12 ሹካዎች ናቸው፤ ጀርባቸው «1847 ሮጀርስ ብሮስ» ይላል። በ1847 ተሠሩ ማለት ነው?

መልስ፦ ሌንስ_10

«ጂ ዩ»ን ለጊዜው ይተዉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው፤ ፊደሉ ዓይን ስለሚስብ ከሠሪው ይጀምራል። ያው ሁለት ፊደል ግን በየከተማውና በየዘመኑ የስንት አንጥረኛ ምልክት ሆኖ ኖሯል። መጀመሪያ ዕቃው ብር ነው ወይ ብለው ይጠይቁ፤ ቀጥሎ የት ተመረመረ፣ ከዚያ መቼ፤ ማን ሠራው የሚለው መጨረሻ ይመጣል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ተራማጁ አንበሳ የእንግሊዝ የንጽህና ማህተም ነው። ከ1544 ጀምሮ ይመታል፤ ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹህ ብር ነው ማለት ነው። ኤድንብራ ከ1759 እስከ 1975 በአንበሳው ፋንታ ኮሸሽላ ትመታ ነበር። ከ1697 እስከ 1720 በእንግሊዝ የብር ዕቃ በ958 ንጽህና እንዲሠራ ስለተገደደ፣ የዚያ ዘመን ዕቃ ላይ አንበሳው የለም፤ የተቀመጠች ብሪታንያ የምትባል ሴት ምስል ነው ያለው።

መልሕቁ የበርሚንግሃም ነው፣ ከ1773 ጀምሮ። ሼፊልድም በዚያው ዓመት የብር መመርመሪያ ቢሮ ተከፍቶላት ዘውድ ያዘች፤ በ1975 በጽጌረዳ ቀየረችው። ለንደን የነብር ራስ ነው፤ እስከ 1821 ዘውድ ደፍቷል፣ ከዚያ በኋላ ራሱን ገልጧል። ደብሊን ዘውድ የደፋ በገና፣ ኤድንብራ ባለ ሦስት ማማ ግንብ።

የዓመት ፊደሉ (በየዓመቱ የሚለወጠው፣ ዙሩ ሲያልቅ በሌላ አጻጻፍ እንደገና የሚጀምረው) ያለ ከተማው ምንም አይናገርም። ትንሹ «ኬ» በተራ አጻጻፍ ለንደን ላይ 1905 ነው፣ በርሚንግሃም ላይ 1909። የእርስዎ ግን ጎቲክ ነው። በርሚንግሃም በ1875 ከትንሹ ጎቲክ «ኤ» የጀመረችው ዙር «ጄ»ን ይዘላል፤ ቢቆጥሩ «ኬ» 1884 ላይ ይውላል። ፊደሉ የሚለወጠው በሐምሌ ስለነበር በትክክል ሲጻፍ 1884/85 ነው።

ይህን የሚያጸናው የሴቷ ራስ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ናት፤ በጊዜው የነገሠው ሰው ራስ ግብር መከፈሉን የሚያሳይ ማህተም ሲሆን ከ1784 እስከ 1890 ብቻ ነው የተመታው። ስለዚህ 1909 ከነጭራሹ ይወድቃል። አጻጻፉን ሳያዩ ፊደሉን ብቻ የሚያነብ ሰው አንድ ሙሉ ዙር፣ እዚህ ላይ 25 ዓመት፣ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሊስት ይችላል። የጋሻውን ጠርዝ ቅርጽም አብረው ያስተያዩ፤ ከዙር ዙር ይለያያል።

መልስ፦ ቅብና_ጥሩ

ማንቆርቆሪያው ብር አይደለም። «ኢ ፒ ኤን ኤስ» በኤሌክትሪክ ብር የተቀባ ኒኬል ሲልቨር ማለት ነው። ኒኬል ሲልቨር ደግሞ ስሙ ያታልላል፤ መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል እንጂ ብር የሚባል ነገር የለበትም። «አልፓካ» እና «የጀርመን ብር» የሚሉትም ያው ናቸው። ፊደላቱ እየተነጣጠሉ ጋሻ ውስጥ የገቡት ከሩቅ የምርመራ ማህተም እንዲመስሉ ሆን ተብሎ ነው። «ኤስ» የዓመት ፊደል አይደለም። በኤሌክትሪክ የመቀባት የፈጠራ ባለመብትነት ፈቃድ በእንግሊዛዊው የብር ቀቢ በኤልኪንግተን ስም የወጣው በ1840 ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ከዚያ በፊት ሊሠራ አይችልም።

ባንዲራው የከተማ ምልክት ሳይሆን የሼፊልዱ ዎከር ኤንድ ሆል የሚባለው ድርጅት ምልክት ነው። ቅብ ባልሆነ የብር ዕቃቸው ላይም ስለመቱት ባንዲራው ብቻውን ለብርነት ማስረጃ አይሆንም፤ አንበሳ ከጎኑ አለ ወይ ብሎ ማየት ነው። ዘውድም እንዲሁ። እስከ 1896 ገደማ የቅብ ሠሪዎች ዘውድ ይመቱ ስለነበር ዘውድ ያየ ሁሉ «የሼፊልድ ብር» ይላል።

ባለ አምስት አሃዙ ቁጥር የሞዴል ቁጥር ነው፣ ዓመት አይፈልጉበት። ከፊቱ «አር ዲ» የሚል ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ የተመዘገበ ንድፍ ቁጥር ነው፤ በ1884 ከ1 ተጀምሮ በ1900 መግቢያ ከ350 ሺህ አልፏል። ከዚያ በፊት፣ ከ1842 እስከ 1883፣ በቁጥሩ ፋንታ በማዕዘኖቹ ፊደልና አሃዝ የያዘ የአልማዝ ቅርጽ ይመታ ነበር። «እንግላንድ» የሚል ቃል ካለበት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ1891 ወዲህ ነው፤ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም እንዲይዝ የሚያስገድደው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ያኔ ስለሆነ።

ሹካዎቹ ላይ ያለው 1847 የንግድ ስሙ አካል ነው፣ የተሠሩበት ዓመት አይደለም። በዚያ ስም መምታት የጀመረው በአሜሪካ የኮነቲከቱ ሜሪደን ብሪታኒያ ኩባንያ ነው፣ በ1862። በ1898 ኢንተርናሽናል ሲልቨር የሚባለው ኩባንያ ሲመሠረት ስሙን ወረሰው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመንም ለረጅም ጊዜ ተመቷል። ዘመኑን የሚነግርዎት የእጀታው ንድፍ ነው። ለምሳሌ የወይን ዘለላ ያለበት «ቪንቴጅ» የሚባለው በ1904 ነው የወጣው። እነዚህም ቅብ ናቸው። የአሜሪካ ጠንካራ ብር (ቅብ ያልሆነ፣ ሁለመናው ብር) «ስተርሊንግ» ይላል፣ ማለትም 925፣ የቆየው «ኮይን»፣ ማለትም 900 ገደማ። እዚያ እንደ እንግሊዝ የመንግሥት ምርመራ ስላልነበረ ከጽሑፉ በላይ የሚተማመኑበት ማህተም የለም።

መልስ፦ ፈጣን_መልስ

ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? ማግኔት ያስጠጉ፤ ካልሳበ ብር ነው። ካልሆነም የአሲድ ጠብታ።

መልስ፦ ሌንስ_10

ማግኔቱ ብረትን ብቻ ነው የሚለየው። መዳብም፣ ኒኬል ሲልቨርም፣ የቆርቆሮ ቅይጡ ብሪታኒያ ሜታልም አይሳቡም። በማግኔት ብቻ ቢሄዱ ያ ማንቆርቆሪያ ብር ሆኖ ያልፍ ነበር።

አሲዱ ይሠራል፣ ግን ቅቡን ጭረው ወደ ሥጋው ካልደረሱ ጠብታው የሚነካው ቅቡን ነውና ቀይ ሆኖ «ብር ነው» ይልዎታል። ከጫሩት ደግሞ ዕቃውን አበላሹት። እኔ ብሆን ውሃ እመርጣለሁ።

ብርጭቆ ውሃ ሚዛን ላይ ያስቀምጡና ወደ ዜሮ ይመልሱት። ማንኪያውን በቀጭን ክር አንጠልጥለው፣ ሥሩንም ጎኑንም ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ያጥልቁት። ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም የዕቃው ይዘት ነው። ደረቅ ክብደቱን ለዚያ ቁጥር ያካፍሉ። 925 ብር 10.36 አካባቢ ይመጣል፣ 800 ብር 10.1፣ ኒኬል ሲልቨር 8.7 ገደማ፣ ብሪታኒያ ሜታል 7.3 ገደማ።

ስህተቱ የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው። አንዱ የአየር አረፋ፤ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ውሃው ውስጥ ይጨምሩ፣ ዕቃውንም ነቅነቅ ያድርጉት። ሌላው ሚዛኑ ነው። 15 ግራም የምትመዝን የብር ማንኪያ 1.45 ግራም ውሃ ብቻ ነው የምትገፋው፤ በ0.1 ግራም የሚያነብ ሚዛን ላይ አንድ አሃዝ ቢዛነፍ ውጤቱ ከ9.7 እስከ 11 ይዋልላል። በ0.01 የሚያነብ ያስፈልጋል። ባዶ እጀታ ያላቸው ቢላዎች፣ በሲሚንቶ ወይም በሙጫ የተሞሉ ሻማ መያዣዎች በዚህ መንገድ አይለኩም።

ጥያቄ፦ ሹካ_ብቻ

ካልረበሽኩ፦ «90» እና «45» የሚል ያለባቸው ሹካዎች 90 ከመቶ ብር ናቸው?

መልስ፦ ቅብና_ጥሩ

አይደሉም። የጀርመን የቅብ ልክ ነው። 90 ማለት 24 ስኩዌር ዴሲሜትር ስፋት ላይ 90 ግራም ብር ተቀብቷል ነው፤ 45 ደግሞ በዚያ ዓይነት ደርዘን ላይ ያለው ግራም። የጀርመን ጠንካራ ብር ከ1888 ጀምሮ ጨረቃና ዘውድ ከ800 ወይም ከሚበልጥ ቁጥር ጋር ይይዛል። በሩሲያ 84 ሲያዩ ግን ቅብ እንዳይሉት፤ ከ96 ዞሎትኒክ (የድሮ የሩሲያ የክብደት መለኪያ) 84ቱ ነው፣ 875 ማለት።

ፈረንሳይ ይህን ነገር ከሁሉ አሳምራ ለይታዋለች፦ የሠሪው ፊደላት በአልማዝ ቅርጽ ውስጥ ከሆኑ ጠንካራ ብር፣ በካሬ ውስጥ ከሆኑ ቅብ። ጠንካራው ከ1838 ወዲህ የሮማውያኗ አምላክ የሚኔርቫ ራስ አለበት፤ 1 ቁጥር 950፣ 2 ቁጥር 800።

ምላሽ፦ ማህተም_ፈላጊ

በ0.01 ሚዛን ማንኪያው 15.54 ግራም፣ ውሃ ውስጥ 1.50። 10.36 መጣ። ማህተሞቹ ትንሽ ደብዘዝ ስላሉ በፖሊሽ ላጥራቸው?

መልስ፦ ሌንስ_10

ፖሊሽ አያስነኩት! ፖሊሽ የሚበላው ከፍ ያለውን ጠርዝ ነው፤ ማህተም የሚነበበው ደግሞ በጠርዙ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ጥቁረት እንደ ቀለም ሆኖ ያነብልዎታል፣ ይተዉት። ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ቅባቱን ብቻ ያንሱ። ከዚያ መብራቱን ከጎን፣ ከዕቃው ጋር ሊተኛ እስኪቃረብ ዝቅ አድርገው፣ በ10 እጥፍ ማጉያ መነጽር እያዟዟሩ ይዩ። ካልታየም ትንሽ ለስላሳ ፕላስቲን ጫን አድርገው ቅርጹን ይውሰዱና ፎቶ አንሥተው ግራና ቀኙን ይገልብጡት።

ክብደቱ ልክ መምጣቱ ብር መሆኑን ነው የነገረዎት፤ ማህተሙ የዚያ ማንኪያ መሆኑን አልነገረዎትም። እጀታው ላይ እፍ ብለው እርጥበቱ ሲሄድ ይከታተሉ። ማህተሙ ከሌላ ዕቃ ተቆርጦ የተበየደ ከሆነ ዙሪያውን ቀጭን የብየዳ መስመር ለአፍታ ይታያል። ከኦሪጅናል ማንኪያ ቅርጽ ወስዶ በማቅለጥ የተቀዳ ደግሞ የማህተሙ ጠርዝ ሳሙና እንደነካው ይለዝባል፣ ውስጡም ጥቃቅን ቀዳዳ ይኖረዋል። ተመሳሳይ ማንኪያዎች ካሉ ያስተያዩ። የማህተሞቹ ርቀት እኩል መሆኑ ብቻውን አያስከስስም፤ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ለማንኪያና ለሹካ ብዙ ማህተም በአንድ መምቻ የሚመታበት ጊዜ ነበርና። ሁለቱም ላይ ያው ጭረት፣ በያው ቦታ ካለ ግን ሁለቱም ከአንድ ቅርጽ ወጥተዋል።

ምላሽ፦ ማህተም_ፈላጊ

መስመር የለም፣ ጠርዙም ስለታም ነው። እንግዲህ «ጂ ዩ» ማን ነው?

መልስ፦ ሌንስ_10

አሁን ጥያቄው ጠቧል፦ በ1884/85 በርሚንግሃም ቢሮ የተመዘገበ «ጂ ዩ»። ጆርጅ ዩናይት ነው። የሥራው ዓይነትም ይገጥማል፤ በዚህ ዓይነት የሻይ ቅጠል ማንኪያና በጥቃቅን የብር ሣጥኖች የሚታወቅ አንጥረኛ ነበር። የፊደላቱን ዙሪያ የያዘውን ክፈፍ ከታተመ የበርሚንግሃም ምልክቶች መዝገብ ጋር ያስተያዩ፣ በፊደላቱ መካከል ነጥብ መኖር አለመኖሩንም ጭምር። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በሕጉ ይህ ምልክት ዕቃውን ለምርመራ ያቀረበው ሰው ወይም ድርጅት ምልክት ነው። መዶሻውን የያዘው እጅ የሥራ ቤቱ ሌላ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ሲመዘግቡት «በጆርጅ ዩናይት ስም የቀረበ፣ በርሚንግሃም 1884/85» ብለው ይጻፉት።