ሹሩባ ተሠርቶ ቢሮ መግባት ምን ያስነውራል?

የአራት ኪሎዋ፦
ትናንት ታናሽ እህቴ እያለቀሰች ገባች። ቸርችል ጎዳና አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት በእንግዳ ተቀባይነት ከተቀጠረች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። ቅዳሜ ሹሩባ ተሠርታ ሰኞ ብትገባ አለቃዋ «ይሄ ሰርግ ቤት ነው? ፔስትራ ተደርገሽ ነይ» አሏት። በጋለ ብረት ተተኮሺ ማለታቸው ነው።

ሌሊቱን ስለ ሲሲሊ ታይሰን ሳስብ አደርኩ። እ.ኤ.አ. በ1924 ኒው ዮርክ የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት ተዋናይት ናት። እናቷ ተዋናይነትን እንደ ኃጢአት ቆጥረው ከቤት አስወጥተዋታል። በ1959 በቴሌቪዥን ድራማ አፍሪካዊት ሴት ሆና እንድትጫወት ተመረጠች። የተተኮሰ ፀጉሯ ከምትጫወታት ሴት ጋር አልሄድ ቢላት፣ ሃርለም ውስጥ ፀጉር ቆራጭ ጋ ሄዳ አሳጥሮ እንዲቆርጥላትና ወደ ተፈጥሮው እስኪመለስ እንዲያጥብላት ጠየቀች። በ1963 ደግሞ «ኢስት ሳይድ ዌስት ሳይድ» በተባለ ተከታታይ ድራማ በዚያው ፀጉሯ ቀረበች። የተጫወተችው ምን ሆና ነው? የቢሮ ጸሐፊ!

እና ጥያቄዬ፦ አሠሪ የሠራተኛን ፀጉር ማዘዝ ይችላል?

ጋሼ (ጡረታ የወጣ የባንክ ሠራተኛ)፦
ልጄ፣ ስለ እህትሽ አዝኛለሁ። ምሳሌሽ ግን አንቺኑ ይረታል። ተዋናይቷ የተቆረጠችው ሥራው ስለጠየቃት ነው። እህትሽንም ሥራዋ ጠየቃት። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ክራቫት አስሬያለሁ፤ ወድጄው አልነበረም።

የአራት ኪሎዋ፦
ጋሼ፣ ክራቫት ማታ ይፈታል። ፔስትራው አልያዝ ብሎ ሪላክሰር፣ ያ ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል፣ ከተቀባ ግን ፀጉሩ አድጎ እስኪቆረጥ ድረስ አይመለስም። ደግሞ ሲሲሊን ሥራዋ የጠየቃት የገዛ ፀጉሯን ነው። እህቴ የተጠየቀችው የሌላ ሰው እንድታስመስል ነው።

ፀጉር ሠሪዋ፦
እኔ እንጀራዬ ፔስትራና ካስክ (በቢጎዲን ጠቅልሎ በማድረቂያ ማድረቅ) ነው። ሲሲሊ ዝናዋ ሲወጣ ፀጉር ሠሪዎች «ደንበኞቻችን አንቺን ለመምሰል እየተቆረጡ ገበያ ቀዘቀዘብን» ብለው ደብዳቤ እንደጻፉላት ራሷ ተናግራለች። ይገባኛል። ግን ሹሩባም እንጀራ ነው፤ በዓል ሲቃረብ ወረፋውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

አንድ ነገር ግን አልቀበልም፤ ፀጉሯን የተተኮሰችን ሴት ሁሉ «ፈረንጅ አምላኪ» ማለት። ደንበኞቼ ሳይነጋ ልጅ አልብሰው ታክሲ የሚሰለፉ እናቶች ናቸው። ለማበጠር ስለሚቀላቸው ነው የሚተኮሱት፤ መብታቸው ነው። የማዝነው በሌላው ነው። ባለፈው አንዲት ልጅ ራሷ በሪላክሰር ቆስሎ፣ ቅርፊት ይዞ መጣች። ድጋሚ ቀቢኝ አለችኝ። ለምን ስላት «መሥሪያ ቤት ያዩኛል» አለች። አልቀባም ብዬ መለስኳት።

ተማሪው፦
የዐፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ መቅደላ ላይ ተቆርጦ እንግሊዝ አገር ሙዚየም ከርሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ሲመለስ በክብር ተቀበልን። በጣሊያን ጊዜ አርበኞቻችን ጎፈሬ አሳድገው ነው የታገሉት። የሞተውን ፀጉር በክብር ተቀብለን በሕይወት ያለችውን ልጅ ፀጉር ከቢሮ እናባርራለን? ካሊፎርኒያ በፀጉር ዓይነት ሠራተኛን መበደል የሚከለክል ሕግ ያወጣችው በዚያው በ2019 ነው። ሲሲሊ በዚያ ድራማ ከቀረበች 56 ዓመት አልፎ መሆኑ ነው።

ጋሼ፦
አሜሪካ ውስጥ ነገሩ የዘር ነው፤ ከእኛ ጋር አታምታታው።

የአራት ኪሎዋ፦
ጋሼ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። እዚያ የሚንቀው ሌላ ፀጉር ያለው ሰው ነበር። እዚህ አለቃዋም እህቴም የበቀለባቸው ፀጉር አንድ ነው። እኚህ ሴትዮ ልጅ እያሉ እናታቸው ቅቤ ቀብተው ጉልበታቸው ሥር አስቀምጠው ሹሩባ ሠርተውላቸዋል። ታዲያ መቼ ነው ነውር የሆነው?

ጋሼ፦
እሱስ ልክ ነሽ። የእኔም እናት እህቶቼን እንደዚያ ነበር የምትሠራቸው። ፀጉር ንጹሕና የተያዘ ይሁን ማለት አንድ ነገር ነው፤ ተተኮሺ ማለት ሌላ። እንዲህ ታድርግ፦ ደንቡን በጽሑፍ ስጡኝ ትበል። የተጻፈ ካልመጣ የሴትዮዋ ምርጫ ነው እንጂ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ አይደለም።

የአራት ኪሎዋ፦
እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ጠዋት ሹሩባዋን ሳትፈታ ሄዳ ትጠይቃለች። እኔም እስከ በሩ አብሬያት እሄዳለሁ።