6 ዓመት የሞላው፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ የት ይማር?

የናቲ እናት፦
ሰላም ወላጆች። ልጄ 6 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት። «ውሃ» እና «እምቢ» ከማለት ውጪ አይናገርም። ኬጂ ያስገባነው ትምህርት ቤት በሦስተኛው ሳምንት ጠርቶኝ «ሌሎቹን ይረብሻል፣ የሚሆነውን ቦታ ፈልጊለት» አለኝ። ረበሸ የተባለው ደወሉ ሲጮህ ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ስር ስለሚገባ ነው። የከፈልነውንም አልመለሱም፣ እሱስ ይቅር። አሁን የኦቲዝም ማዕከል ይሻላል ወይስ ሻዶው ቲቸር (ክፍል ውስጥ አጠገቡ ሆኖ የሚረዳው ሰው) ቀጥሬ መደበኛ ትምህርት ቤት ላስገባው? አዲስ አበባ ያላችሁ እባካችሁ።

ሜሪ፦
አይዞሽ እህቴ፣ የኔው አሁን 11 ሆኗል። ጆይ እና ነህምያ የሚባሉትን የኦቲዝም ማዕከላት ሁሉም ይነግሩሻል። ጆይን የከፈተችው ዘሚ የኑስ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እሷም እንዳንቺ ለልጇ ትምህርት ቤት አጥታ ነው የጀመረችው። ሄደሽ ተመዝገቢ። ወረፋ ነው ካሉሽ ግን ቤት ቁጭ ብለሽ አትጠብቂ፣ እኔ አንድ ቦታ ተራ ስጠብቅ ሁለት ዓመት አቃጥያለሁ። ካርቶን ቆርጬ የውሃ፣ የዳቦ፣ የሽንት ቤት ፎቶ ለጠፍኩበትና ካርዱን ሲሰጠኝ ብቻ ዳቦውን እሰጠው ጀመር። በአራተኛው ቀን የዳቦውን ካርድ ይዞ ራሱ ማድቤት መጣ። እዛው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጩኸቱም የቀነሰው ከዛ በኋላ ነው።

መምህር ነኝ፦
የመንግሥት ትምህርት ቤት ልዩ ክፍል ነው የማስተምረው። ልዩ ክፍል ያላቸው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሉ፣ ክፍያ የለም፣ ወረዳ ትምህርት ጽ/ቤት ሄደሽ የልዩ ፍላጎት ባለሙያ አገናኙኝ በይ። ግን አልዋሽሽም፣ እኛ ጋ የ7 ዓመትና የ16 ዓመት ልጅ አንድ ክፍል ነው የሚቀመጡት፣ ስፒች ቴራፒስት (ንግግር የሚያለማምድ ባለሙያ) የሚባል የለም። ጠዋቱ የሚያልቀው ሽንት ቤት መሄድ፣ እጅ መታጠብና ቁልፍ መቆለፍ ስናለማምድ ነው። ወላጅ መጥቶ «ሀ ሁ መቼ ነው?» ይለኛል። ሱሪውን ራሱ መልበስ ያልቻለ ልጅ ነገ ትልቅ ሲሆን ማን ያለብሰዋል?
ሻዶው ቲቸር ላይ ተጠንቀቂ። ያየኋቸው አብዛኞቹ ስልጠና የላቸውም፣ ልጁን ይዘው ኮሪደር ላይ ሲዞሩ ይውላሉ። ደወሉን በተመለከተ ደግሞ ከመጮሁ 2 ደቂቃ በፊት ይዞት መውጣት ነው እንጂ ለዚህ ልጅ ይባረራል እንዴ!

አባ ቢኒ፣ ሜሪላንድ፦
እዚህ አሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤት አልቀበልም ማለት አይችልም፣ አይኢፒ የሚባል የግል እቅድ በጽሑፍ ያወጡለታል። እኛ ግን አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት እንዳለን ሳናውቅ ያልገባንን ፈርመን ወጥተናል፣ እዚህ ያላችሁ ልብ በሉ። ላንቺ የሚጠቅመው ይሄ ነው፦ አይኢፒ ላይ ግቡ የሚጻፈው በቁጥር ነው፣ «ከ5 ጊዜ 4ቱን ጃኬቱን ራሱ ይሰቅላል» እየተባለ። የትም ይግባ፣ እንደዚህ ሦስት ግብ ጽፈሽ ለመምህሩ ስጪ።

የናቲ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰኞ ወረዳ እሄዳለሁ። ሜሪ፣ የውሃውን ካርድ ዛሬ ሠራሁት፣ ናቲ አኝኮ ጨረሰው።

ሜሪ፦
😂😂 ላሚኔት አስደርጊው። የኔውም ሦስት በልቷል።