የተዘረፈችውን ለምን እንወቅሳለን?

ጥያቄ (ለገሃር)
ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት አመሻሽ ላይ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የታክሲ ሰልፍ ይዤ ቆሜ ሳለሁ፣ ከፊቴ የነበረች ወጣት በስልክ እየተነጋገረች በሞተር ብስክሌት የመጡ ሁለት ሰዎች ስልኩን ከእጇ መንትፈው ወደ ሜክሲኮ ተፈተለኩ። ጉትቻዋ አብሮ ስለተጎተተ ጆሮዋ ይደማ ነበር። ከሰልፈኛው አስቀድሞ የተሰማው ቃል «በዚህ ሰዓት ምን ስልክ ያስወጣሻል?» የሚል ሲሆን፣ አንዲት እናት ደግሞ «የዛሬ ልጆች ምክር አትሰሙ» ብለው ጨመሩባት፤ የሞተሩን ሰሌዳ ያየ ሰው እንዳለ ግን የጠየቀ አልነበረም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነባት። እኚሁ እናት በነጠላቸው ጫፍ ደሟን ሲጠርጉላት ስላየሁ ነገሩን ጭካኔ ነው ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ደግ ሰው በተጎዳ ሰው ላይ ወቀሳ የሚጨምረው ለምንድን ነው?

መልስ (አራት ኪሎ)
ሜልቪን ለርነርና ካሮሊን ሲመንስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ሙከራ፣ ተመልካቾች አንዲት ተማሪ በተሳሳተች ቁጥር በኤሌክትሪክ ስትቀጣ የሚያዩ ይመስላቸው ነበር፤ ቅጣቱ የማስመሰል ነበር። ሥቃይዋን የማስቆም ዕድል ያገኙት ብዙም አላጣጣሏትም፤ ሥቃዩ እንደሚቀጥል ያመኑትና ምንም ማድረግ ያልቻሉት ግን ዝቅ አድርገው ገመቷት። ለርነር እንዳስረዳው፣ ሰው ዓለም ፍትሐዊ ናት የሚለውን እምነቱን ላለማጣት ሲል በተጎጂው ላይ ጥፋት ይፈልጋል። «ያለ ምክንያትማ አልደረሰበትም» ስንል የምናጽናናው ራሳችንን ነው፤ እሷ ስልክ ስላወጣች ከተዘረፈች፣ እኔ ካላወጣሁ አልዘረፍም ማለት ነውና። በእኔ አስተያየት የሙከራው ትልቁ ቁም ነገር ተመልካቹ የሚያደርገው ነገር ሲያገኝ ማጣጣሉ መቀነሱ ነው። በሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው «ሰሌዳውን ማን አየ? ስልክ ስጧትና ቤተሰቧ ጋ ትደውል» ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ የብዙው ሰው አፍ ወደዚያ ይዞር ነበር ብዬ አምናለሁ።

መልስ (ቸርችል)
በዚህ ላይ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ጥንቃቄን መምከር ሁሉ እንደ ወቀሳ ከተቆጠረ ልጆቻችንን ምን ብለን ልናሳድግ ነው? ሕጉም ቢሆን የተጎጂን ጥፋት ያያል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2098፣ ለጉዳቱ በከፊል ምክንያት የሆነው የተበዳዩ ጥፋት ከሆነ ካሣው በከፊል ብቻ እንዲከፈለው ይደነግጋል።

መልስ (ፒያሳ)
የጠቀሱት አንቀጽ የሚናገረው ስለ ካሣው መጠን ነው። ሁለት መኪኖች ተጋጭተው ሁለቱም አሽከርካሪዎች ሲያጠፉ ኪሣራውን መከፋፈላቸው ተገቢ ነው፤ አድብቶ የሰው ንብረት የነጠቀ ሰው ግን ከተነጠቀችው ጋር ጥፋት የሚካፈልበት መንገድ የለም፤ በአደባባይ በስልክ መነጋገር ጥፋት አይደለምና። ሕጋችን ራሱ ይህን ለማየት ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ሴት ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር፤ ሸክሙ ወደ እሷ ዞሮ፣ አላገባም ብትል የቤተሰቧን ስም ያጎደፈች እሷ ትባላለች። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 587 ጋብቻው ጠላፊውን ከተጠያቂነት እንደማያድነው ደነገገ። ያም ሆኖ ዛሬም ስለተደፈረች ልጅ ሲወራ አስቀድሞ የሚጠየቀው ልብሷና ከቤት የወጣችበት ሰዓት ነው፤ ይህ እጅግ ያሳዝነኛል። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ የገዛ ልጅዎ ተዘርፎ ቢመጣ መጀመሪያ ምን ይሉታል?

መልስ (ቸርችል)
«ተጎዳህ ወይ?» ነው የምለው፤ ምክሩ ለነገ ይቆያል። በዚህ አንለያይም። የታክሲ ሰልፍ ላይ ያገኘኋትን ልጅ ግን ነገ አላገኛትም፤ ስለዚህ ዛሬ ዝም ካልኩ ሌላ ጊዜ የለኝም ብዬ አስባለሁ። ለዚህ መልስ ያላችሁ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።